የማታስል እናት፣ የታመመ ጨቅላ

ሂሩት፦ ቲቢ በትንፋሽ ይተላለፋል እያልን ኖረናል። ገና ያልተነፈሰ ፅንስ ታዲያ እንዴት ይያዛል?

ተሾመ፦ በእንግዴ ልጁ በኩል። ባክቴሪያው በእትብቱ ደም ሥር ገብቶ ጉበት ላይ ያርፋል። ወይም ፅንሱ የተበከለ የሽርት ውሃ ይውጣል። ብርቅ ነው እንጂ አለ።

ሂሩት፦ ብርቅ መሆኑ ነው የሚያስፈራኝ! ትኩሳት፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ጡት እምቢ ማለት፦ ማንም የደም ኢንፌክሽን ነው ይላል።

ተሾመ፦ አዎ፣ ምልክቱም ብዙውን ጊዜ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ሳምንት ነው ብቅ የሚለው። የተለመደው አንቲባዮቲክ አልሠራ ካለ እናትየውም ትመርመር። እሷ ላታስል ትችላለች፤ በሽታው ማህፀኗ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ሂሩት፦ የቲቢ ክትባቱ ቢሲጂስ?

ተሾመ፦ ቀድሞ ለተያዘው አይደርስለትም። መድኃኒት ግን አለው።

ሂሩት፦ ነፍሰ ጡር እህቶቻችን፣ የማይለቅ ሳል ወይም የሌሊት ላብ ካለ ለአዋላጇ ንገሩ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቲቢ ሕክምና በነፃ ነው።