ንዳድ የማን እሳት ነው?



በጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ለማሽላ አጨዳ ሸዋ ሮቢት የገባ ደገኛ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ምን እንደሚያገኘው ለአካባቢው ሰው አልነግርም። መጀመሪያ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ይደርባል። ቀጥሎ ሰውነቱ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ከዚያ ላብ ያጠምቀዋል። በማግስቱ ተሻለው ሲባል በሦስተኛው ቀን ያገረሽበታል። አባቶቻችን ንዳድ ብለውታል። ዛሬ የምጠይቀው ይህን እሳት የሚያነደው ማን እንደ ሆነ ነው።

የወባ ተሕዋስያን ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ተባዝተው ሕዋሱን ሲያፈነዱት ቁርጥራጫቸው በደማችን ይበተናል። ቫይቫክስ የተባለው ዝርያ ይህን የሚያደርገው በየ48 ሰዓቱ ነው፤ ንዳዱ ቀን እየዘለለ የሚመጣውም ለዚህ ነው። እሳቱን የሚጭረው ግን የራሳችን አካል ነው። በነጭ የደም ሕዋሶቻችን ላይና ውስጥ፣ ስንወለድ ይዘናቸው የመጣን ተቀባይ ፕሮቲኖች አሉ። ባዕድ ነገር ሲነካቸው መልእክት ይሰዳሉ፤ መልእክቱ አንጎል ሲደርስ ሙቀታችን ይጨምራል። እነዚህ ዘቦች በአንድ ሰው ዕድሜ አይማሩም። ማንን መያዝ እንዳለባቸው የተማሩት በእልፍ ትውልዶች ሞትና መትረፍ ነው።

ይህን ያወቅነው በበሰለ ሙዝ ዙሪያ ከምታንዣብበው የፍራፍሬ ዝንብ ነው። ጀርመናዊቷ ክርስቲያነ ኑስላይን-ፎልሃርድና ባልደረቦቿ የዝንቧ ሽል ጀርባና ሆዱን እንዲለይ የሚያደርግ ዘረመል አግኝተው ቶል አሉት፤ በቋንቋቸው «ግሩም» ማለት ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የዡል ሆፍማን ቡድን ቶል የሌላትን ዝንብ ሻጋታ ሲያገኛት መከላከል አቅቷት እንደምትሞት አሳየ። ሻጋታው እንደ ፀጉር የወረሳትን የዚያችን ዝንብ ፎቶግራፍ ባየሁ ቁጥር ዝም እላለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ብሩስ ቦይትለር የቶል ዘመድ የሆነው ተቀባይ በአይጥ የባክቴሪያን መርዝ እንደሚለይ አረጋገጠ። ሁለቱም በ2011 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለሙ። እኛ የዚህ ቤተሰብ 10 ዓይነት ተቀባይ አለን፤ ባሕር ውስጥ የሚኖር አንድ እሾኻም ፍጥረት፣ ሐምራዊው የባሕር ጃርት፣ ከ200 በላይ አለው። አንድ ልዩነት ግን አይዘንጋ፦ የእኛ ተቀባይ ባዕዱን ራሱ ሲይዝ፣ የዝንቧ ቶል ሌላ መልእክተኛ እስኪነግረው ይጠብቃል። የዘር ግንዱ ቢገናኝም ሥራው እንደየቤቱ ተለያይቷል።

የወባ ትንኝም ዘቦች አሏት። ከበሽተኛ ደም ጋር የጠጣቻቸው ተሕዋስያን አብዛኞቹ ሆዷ ውስጥ ያልቃሉ፤ የተረፉት ጥቂቶች ናቸው ወደ እኛ የሚመለሱት። ስለዚህ ሸዋ ሮቢት ውስጥ በወንዝ ዳር በመስከረም ማታ የምትነድፈን ትንኝ እሷም በራሷ ጦርነት ላይ ናት።

አሁን ወደ ደማችን ልመለስ፤ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነውና። በቀይ የደም ሕዋስ ላይ ዳፊ የሚባል ተቀባይ አለ። የተፈጥሮ ሥራው ነጭ ሕዋሳትን ወደ ጉዳት ቦታ የሚጠሩ መልእክቶችን መያዝ ነው። ቫይቫክስ ይህንኑ የዘብ ዕቃ በር አድርጎ ይገባበታል። በ1976 እ.ኤ.አ. ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ ዳፊ የሌላቸው ሰዎች ቫይቫክስን እንደሚቋቋሙ ገለጡ። ምክንያቱ በዘረመሉ ማብሪያ ማጥፊያ ላይ የተለወጠች አንዲት ፊደል ናት። ቀይ ሕዋስ ላይ ብቻ ዳፊን ታጠፋለች፤ በደም ሥር ግድግዳ ላይ ሥራውን ይቀጥላል። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ዳፊ ያለው ሰው እጅግ ጥቂት ነው። በእኛ አገር ግን ያለውና የሌለው በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ማዕድ ይቀመጣሉ።

ዳፊን ማጣት ዋጋም አለው። ዳፊ የሌለው ሰው በደም ምርመራ አንዱ የነጭ ሕዋስ ዓይነት አነስ ብሎ ይታያል፤ ሰውየው ግን ጤነኛ ነው። ይህን የማያውቅ ሐኪም ያለ በሽታ መድኃኒት ሊያዝ፣ ወይም የሚያስፈልገውን ሕክምና ሊያቆምበት ይችላል። ለጤና ባለሙያዎቻችን ይህን አደራ እላለሁ።

በሩ ግን ጨርሶ የተዘጋ አልነበረም። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ዳፊ በሌላቸው ኢትዮጵያውያን ደም ውስጥ ቫይቫክስን አገኘ፤ ቀደም ብሎም በማዳጋስካር ታይቶ ነበር። ተሕዋሲው በየትኛው ሌላ በር እንደገባ ተመራማሪዎች ዛሬም ይፈልጋሉ። ፍለጋው የሚጀምረው በጥቅምት ጠዋት በጤና ጣቢያ ወረፋ ከተቀመጠ ሰው ጣት ተወግቶ መስተዋት ላይ ከሚንጠባጠብ አንድ ጠብታ ደም ነው።