ስለሚፈላ አሮጌ መኪና
በሰፈር ማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ብዙዎቻችን እንጀራ የምንበላው ብዙ ኪሎ ሜትር በሄደ አሮጌ መኪና ነው። እኛም በፈላ ቁጥር ውሃ እየጨመርን ስንነዳ ቆይተን ቴስታታው ተጣመመብን። ሞተር ተፈታ፤ ለልጆች ትምህርት ያስቀመጥነው ገንዘብ አለቀ። የነገሩ መነሻ ግን ያረጀ የራዲያተር ክዳን ነበር።

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ ተንኖም ያልቃል።

ታዲያ ምን እናርግ? ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ውሃና ዘይት እንይ። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ሶማሌ ተራ ሄደን ልኩን እንግዛ። ቺንጊያው ከላላ እናጥብቅ። መንገድ ላይ ከፈላ ሞተሩን አጥፍተን እስኪበርድ እንጠብቅ። ትኩሱን ክዳን የከፈተ ፊቱን ይቃጠላል፤ በጋለ ሞተር ቀዝቃዛ ውሃ የጨመረም ብረቱን ይሰነጥቃል።

ወገኖቻችን፣ በክዳን ዋጋ የሚድነውን ሞተር አናቃጥል።