ዓሣው በሕይወት ይመለሳል፤ አጥማጁስ?
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ዋዜማ በተደረገው የአባላት ስብሰባ ላይ በታክሲ ሾፌሮች ስም የቀረበ ንግግር)



 እኛ የታክሲ ሾፌሮች መድረኩ ሲሰጠን ስለ ፈቃድ ክፍያና ስለ ኤርፖርት ሰልፍ እንደምናማርር የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። እሱ ለሌላ ቀን ይቆየን። ዛሬ የመጣነው ስለ ዓሣ ለመናገር ነው፤ ይልቁንም ስለ ውሃ።

እንደምታውቁት ከመካከላችን ዩኒቨርሲቲ ገብተን ሳንጨርስ የወጣን፣ እዚህም መጥተን መሪ የጨበጥን ብዙ ነን። የሌሊት ሥራ የሚሠራ ሰው ጎህ ሲቀድ ወደ ቤቱ ቢገባም እንቅልፍ ቶሎ አይወስደውም። ከዚህም የተነሣ አንዳንዶቻችን ፖቶማክ ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ መንጠቆ መጣል ለመድን። ውሎ አድሮም ከዳር ወደ ጀልባ ተሸጋገርን፤ በሜሪላንድ በኩል ካለ የባስ አጥማጆች ክበብ ጋር ተዋወቅን። እነሆ አሁን በማኅበራችን ስም አንድ ቡድን በውድድራቸው ይግባ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡን እንደግፋለን፤ ግን ከመወሰናችሁ በፊት የምንላችሁን ስሙን።

ባስ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ አፈ ሰፊ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ሌላ ዓሣ እየዋጠ የሚኖር አዳኝ ዓሣ ነው። ከቆሮሶና ከአምባዛ ለለመድነው ለእኛ እንግዳ ነው። በ1932 በጆርጂያ የተያዘው ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር፤ ያንን ክብደት የሚስተካከል የተገኘው ከ77 ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ ጃፓን ውስጥ ቢዋ በሚባለው ሐይቅ ነው። ውድድሩን በዛሬ መልኩ የጀመረው ሬይ ስኮት የሚባል የአላባማ የኢንሹራንስ ሻጭ ሲሆን፣ በ1967 አርካንሶ ውስጥ ቢቨር በተባለው ሐይቅ 106 ሰዎች ሰብስቦ አወዳደረ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጎህ ሲቀድ ጀልባዎች በተራ ይለቀቃሉ፤ በአንድ ጀልባ ሁለት ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ በተወሰነው ደቂቃ ተመልሰው፣ ብዙ ጊዜ አምስት ዓሣ ብቻ ያስመዝናሉ። ዓሣው በጀልባው ውስጥ አየር በሚነፋበት የውሃ ገንዳ ውስጥ በሕይወት መቆየት አለበት፤ የሞተ ዓሣ ያመጣ ነጥብ ይቀነስበታል። ከተመዘነ በኋላ ተመልሶ ወንዝ ይለቀቃል። ይህን ልማድ ሬይ ስኮት ከ1972 ጀምሮ በውድድሮቹ አስፋፋው። አንዲት እናታችን ይህን ስንነግራቸው «ታዲያ ምኑን ጠበሳችሁት?» ብለው ስቀውብናል። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትተነዋል።)

ታዲያ ለዓሣው ይህን ያህል የሚጠነቀቁ ሰዎች ለራሳቸውስ? እኛን ያስደነቀን ይህ ነው። ትልቁ ሞተር በሚሠራበት ጊዜ ላይፍ ጃኬት የምንለውን የነፍስ ማዳኛ ሰደርያ ያልለበሰና ያልቆለፈ ከውድድር ይባረራል። ሞተሩን የሚያጠፋው ገመድ ከነጂው ሰውነት ጋር መታሰር አለበት፤ ሰውየው ቢወድቅ ጀልባው ዞሮ እንዳይፈጨው። ይህ ከኤፕሪል 2021 ወዲህ በፌዴራል ሕግም፣ ከ26 ጫማ በታች በሆኑና ይህ መሣሪያ በተገጠመላቸው ባለሞተር ጀልባዎች ላይ ግዴታ ሆኗል። የባስ ጀልባ ቀልድ አይደለም፤ 250 የፈረስ ጉልበት ሞተር የተገጠመለት በሰዓት 70 ማይል ይሄዳል። እኛ በቤልትዌይ ላይ በዚያ ፍጥነት ስንሄድ ፖሊስ ያስቆመናል፤ እነሱ ግን ፍሬን በሌለው ነገር ላይ ነው የሚሄዱት። ጊዜው ሲቃረብ ደግሞ የሚዘገይ በየደቂቃው ክብደት ስለሚቀነስበት ሁሉም ይቸኩላል። ለአውሮፕላን የዘገየ ተሳፋሪ ከኋላችን ተቀምጦ ሰዓቱን ሲያይ የሚሰማንን ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ተሳፋሪውም ሾፌሩም አንድ ሰው ነው።

አሁን ወደ ከበደው ነገር እንግባ። ባለፈው የሆሳዕና ሰሞን፣ በክበቡ የውድድር ቀን፣ ከእኛ መካከል ሁለት ወንድሞች በተከራዩት ትንሽ ጀልባ ወጥተው ነበር፤ ተወዳዳሪዎች አልነበሩም። ሌሎቻችን ከዳር ሆነን እናያቸው ነበር። ፀሐይዋ ሞቃለች፣ ሰው በከናቴራ ነው። አንድ ትልቅ ጀልባ በአጠገባቸው አልፎ ሄደ፤ የተወው ማዕበል ግን ወደ እነሱ መጣ። አንደኛው ዓሣ ሊስብ ቆሞ ስለነበር ወደቀ። ላይፍ ጃኬቱ ከመቀመጫው ሥር ከነላስቲኩ ተቀምጧል። በዋና የሚታማ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ውሃው ገና የበረዶውን ወራት ብርድ እንደያዘ ነበርና ትንፋሹ ተቆረጠ፣ ስማችንን እንኳ መጥራት አቃተው። ጓደኛው ሊዘልልለት ጫማውን ማውለቅ ጀመረ፤ እኛ ከዳር ስንጮህ ማንም አልሰማን። ያተረፉት ሁለት የክበቡ ተወዳዳሪዎች ናቸው። ወደ ሚዛኑ እየተጣደፉ ሳለ ዞሩ፣ ሞተራቸውን አጠፉ፣ ገመድ ወረወሩለትና ጎትተው አወጡት። ሚዛኑ ጋ ሲደርሱ ሰዓቱ አልፎ ነበር። ዓሣቸውን ለቅቀው፣ የእኛን ሰው በብርድ ልብስ ጠቅልለው ሻይ ሲያጠጡት ነበር ያገኘናቸው። ስሙን እንዳናነሣ ለምኖናልና አናነሣም፤ ዛሬ ከመካከላችን አለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስለ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያስተምሩ ሰዎች ሦስት ቁጥር ያስይዛሉ፦ 1፣ 10፣ 1። የመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ትንፋሽን ለመቆጣጠር ነው፤ ሰው ሳይወድ በግድ አየር የሚስብበት ጊዜ ስለሆነ አፉ ከውሃ በታች ከሆነ ያበቃለታል። ቀጥሎ ያሉት አሥር ደቂቃዎች እጅና እግር የሚታዘዙበት ናቸው። ብርዱ ራሱ ሰውን እስኪያስት ግን አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። እንግዲህ ብዙው ሰው የሚሞተው በብርዱ ሳይሆን ከዚያ በፊት በመስጠም ነው ማለት ነው። አንድ አባታችን «እኛ ዓባይን በዋና ያቋረጥን ሰዎች ነን» ብለውናል፤ እውነታቸውን ነው፣ ግን ዓባይ በመጋቢት እንደ ፖቶማክ አይቀዘቅዝም።

ኮስት ጋርድ የሚባለው የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ እንደመዘገበው በ2023 በመዝናኛ ጀልባ አደጋ 564 ሰዎች ሞተዋል። የሞታቸው ምክንያት ከታወቀው ሦስት አራተኛው እጅ የሰጠሙ ናቸው፤ ከሰጠሙትም፣ መልበስ አለመልበሳቸው ከተመዘገበላቸው ከመቶ 87ቱ ላይፍ ጃኬት አልለበሱም። መጠጥም ከታወቁት መንሥኤዎች በአንደኛ ደረጃ ተቀምጧል። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ለመኪና የሚሠራው 0.08 ለጀልባም ይሠራል፤ ቢራውን ከመልስ በኋላ።

ስለ ጃኬቱ ዓይነት አንድ ነገር አበክረን እንናገራለን፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነውና። አሁን አሁን እንደ ማንጠልጠያ ቀጭን የሆነ፣ ውሃ ሲነካው በጋዝ የሚነፋ ዓይነት አለ። ያምራል፣ አይሞቅም። ነገር ግን ዋና ለማይችል ሰው አይመከርም፤ ከ16 ዓመት በታች ላሉም አልተፈቀደም። የጋዝ ጠርሙሷም በየጊዜው መታየት አለባት። እኛ በአብዛኛው ዋና የማንችል ሰዎች ነን። ስለዚህ ወፍራሙን፣ በስፖንጅ የተሞላውን እንልበስ፤ ፎቶ ላይ ማበጡ ግድ የለም።

ከ20 ጫማ በታች ባለ ጀልባ ላይ ስንት ሰውና ስንት ፓውንድ እንደሚጭን የሚናገር ሰሌዳ ተለጥፏል። እዚያ ላይ «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚል የአዲስ አበባ ወያላ ቦታ የለውም። ሰው ሲወድቅም ዘሎ መግባት ወንድምነት ይመስለናል፤ ሁለት ሬሳ ግን ከአንድ ይከብዳል። ገመድ፣ ባዶ ጀሪካን፣ የበረዶ ሳጥን፣ የሚንሳፈፍ ነገር ሁሉ ይወርወር። ፖቶማክ ከከተማው በታች በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ዝናብ በዘነበ ማግሥት ግንድ ይዞ ይወርዳል። በሜሪላንድ ውሃ ላይ ከጁላይ 1 ቀን 1972 ወዲህ የተወለደ ሰው ሞተር ጀልባ ለመንዳት የጥንቃቄ ትምህርት የምስክር ወረቀት መያዝ አለበት፤ ይህም ማለት ብዙዎቻችን ነን። ሌሊቱን ሙሉ የነዳ ሰው ደግሞ ያን ቀን መሪ አይያዝ፤ ተሳፋሪ ሆኖ ይሂድ፣ ለአንድ ቀን ሌላ ይንዳው።

ባለፈው ስብሰባ ጃኬት ለመግዛት የተጠየቀው ገንዘብ ለእድሩ ቢውል ይሻላል ያሉ አሉ። አክብረን እንቃወማለን። እድራችን ሬሳ ወደ አገር ቤት ሲልክ የሚወጣውን እያንዳንዳችን አዋጥተናልና እናውቀዋለን፤ በአንዱ ወጪ ለቡድኑ ሁሉና ለልጆቹም ጃኬት ተገዝቶ ይተርፋል። ስለዚህ ጉባኤው ሦስት ነገር እንዲወስንልን እንጠይቃለን፦ ጃኬቶቹ የማኅበሩ ንብረት ሆነው እንዲገዙ፣ ያልለበሰ በማኅበሩ ስም ጀልባ ላይ እንዳይወጣ፣ በክረምቱ ወራት ለትልልቆችም ለልጆችም የዋና ትምህርት እንዲዘጋጅ። ሴቶች እኅቶቻችን በቡድኑ ይግቡ የሚለውን ደግሞ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ሁለቱ ከእኛ በፊት ተመዝግበዋል።

መመዝገቢያው በገንዘብ ያዧ ዘንድ ነው። የልጆች ጃኬት የሚመረጠው በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ስለሆነ፣ ወላጆች ስትመጡ የየልጆቻችሁን ክብደት በፓውንድ ጽፋችሁ አምጡ።