ጠዋት ጠዋት የሚጠይቅ ሰው

የተከበራችሁ የእንፍራንዝ አባቶችና እናቶች፣ የተመራቂ ወላጆች፣ የዛሬዎቹ ሙሽሮች የጤና ባለሙያ ልጆቼ፦

«ዝናቡ ሳይመጣ አጠር ያድርጉልን» ተብያለሁ። ጉዛራ ቤተ መንግሥት ላይ ያጠላውን ደመና አይቼ እሺ ብያለሁ።

ፋርማሲስት ነኝና ነገሬም የመድኃኒት ነው። ወጣት ሳለሁ የሠራሁበት አንድ ሆስፒታል ስሙ ይቆየንና፣ የፀረ ተህዋሲያን መድኃኒት አጠቃቀምን የሚቆጣጠር ኮሚቴ ነበረው። ሰብሳቢው፣ ጸሐፊው፣ ማኅተም ያረፈበት ቃለ ጉባኤው ሁሉ የተሟላ ነው። እኔም አባል ነበርኩ። ስብሰባው ሲያበቃ ወደ መስኮቴ ተመልሼ የታዘዘውን ሁሉ አድላለሁ። ለሳሉ ሴፍትሪያክሰን የሚባለው የአንቲባዮቲክ መርፌ፣ ለትኩሳቱ ሴፍትሪያክሰን፤ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ቁስሉ የደረቀው ሰውዬም በሰባተኛ ቀኑ ያው ሴፍትሪያክሰን። አንድም ቀን ዋርድ ወጥቼ «ይኼ ለምን ታዘዘ?» አላልኩም። ሐኪም መጠየቅ እንደ ድፍረት ይታይ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ፈሪው እኔ ነበርኩ።

ያንን ድፍረት ያገኙ ሰዎች ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውስጥ ምን እንዳዩ ልንገራችሁ። ክሊኒካል ፋርማሲስቶች የሚመሩት ቡድን አንቲባዮቲክ የታዘዘላቸውን ታካሚዎች ካርድ እያገላበጠ ለሐኪሞቹ ሐሳብ ያቀርብ ጀመር። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ከመቶ 54 ለሚሆኑት ቡድኑ «መድኃኒቱ ይቁም» አለ። ሐኪሞቹ ተቆጡ? የለም፤ ከመቶ 96 የሚሆነውን ምክር ተቀበሉ። እኔ በወጣትነቴ የፈራሁት ቁጣ ለካ ከራሴ ጋር ብቻ የኖረ ኖሯል።

ልብ በሉልኝ፣ ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ ነው። ጥናቱ አለቀና ቡድኑ ሥራውን አቆመ። ሆስፒታሉ ያው፣ ሐኪሞቹም ያው፤ የጎደለው ጠዋት ጠዋት የሚጠይቀው ሰው ብቻ ነበር። የመድኃኒቱ አጠቃቀም ከግማሽ በላይ ጨመረ፤ ታካሚዎች የሚተኙበት ቀን ረዘመ፤ ሆስፒታል ውስጥ የሚሞቱትም ከመቶ 6.9 ወደ 14.7 ከፍ አሉ። ሞትን በአንድ ምክንያት ብቻ ማላከክ አይገባም፤ ቢሆንም ይህን ቁጥር ካነበብኩ ወዲህ የሰሞን ዘመቻ የሚባል ነገር ያስፈራኛል።

ለሆስፒታሎቻችን የዚህ ዓይነቱ ቁጥጥር መመሪያ ካለ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቷል። መመሪያ ግን ዋርድ ዞሮ ታካሚ አያይም።

«እኛ የምንመደብበት ትንሽ ሆስፒታል ካልቸር የሚሠራ፣ ጀርሙን አብቅሎ የሚለይ ላቦራቶሪ እንኳ የለው» ትሉኝ ይሆናል። ካልቸር ቢኖር ደስ ባለኝ። ግን መድኃኒቱ ለምን እንደተጀመረና መቼ እንደሚቆም ካርዱ ላይ ለመጻፍ እስክሪብቶ ይበቃል። ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ታካሚውን ዳግም ማየት፣ መዋጥ ለቻለ ሰው መርፌውን ወደ ኪኒን መቀየር፣ ለመከላከያ የተሰጠውን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አለመጎተት፤ ከነዚህ የትኛው ነው ማሽን የሚፈልገው? ነርሶች በተለይ እናንተን ነው፤ መርፌውን በእጃችሁ የምትይዙት እናንተ ናችሁ፣ ስንተኛ ቀኑ እንደሆነም ቀድማችሁ የምታውቁት እናንተው።

ይህ አገር ለጤና ባለሙያ ባዳ አይደለም። በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ከፈጀ በኋላ ነው ጎንደር ላይ በ1947 ዓ.ም የሕዝብ ጤና ኮሌጁ የተከፈተው። የዚያ ዘመን ጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒታሪያን የሠለጠኑት ገጠር ወርደው አብረው ሊሠሩ ነበር። የዛሬው ወረርሽኝ ድምፅ የለውም፤ ጀርሞች መድኃኒት በመላመዳቸው ብቻ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ተገምቷል።

እናቶችና አባቶች፣ እናንተንም አልተዋችሁም። ቴትራሳይክሊን ፈልቅቆ ቁስል ላይ መነስነስ ይቅር። ለጎረቤት የተረፈ ካፕሱል ማካፈልም ደግነት አይደለም። ልጃችሁ «ይኼ ጉንፋን ነው፣ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም» ሲላችሁም «ተምሮ መርፌ መውጋት አቃተው» አትበሉት።

ተመራቂዎች፣ ዝናቡ ደረሰ። ሥራ በጀመራችሁበት ቀን የመጀመሪያውን ካርድ ስትከፍቱ፣ መድኃኒቱ የሚቆምበት ቀን ተጽፎ እንደሆነ እዩልኝ፤ ካልተጻፈ ጠይቁ። በማግስቱም ጠይቁ።