አውራጅ እንዳይጠፋብን
(በሰፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በየሠርጉ የሚሆነውን እናንተም ታዩታላችሁ። ድምፅ ማጉያው ሲጮኽ ሁሉም ይጨፍራል፤ መብራት ሄደ ማለት ግን መተያየት ብቻ ነው። ለምን? ዘፈን የሚያወርድ ሰው ስለጠፋ ነዋ! ያወርዱልን የነበሩት እያረጁ፣ እያለፉም ነው። ወጣቱ መቀበሉን እንጂ ማውረዱን የሚያስተምረው አላገኘም።

አዳማ የብዙ ሕዝብ ቤት ናት። የጅቡቲው ባቡርና በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ከየአቅጣጫው ሰው አምጥተዋል። ስለዚህም የሐረርጌው ሸጎዬ፣ የአርሲው ጭፈራ፣ የጎጃሙ እስክስታና የጉራጌው ጭፈራ በአንድ ግቢ ይገናኛሉ። በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው የኪነት ቡድን የየብሔረሰቡን ጭፈራ ይዞ ውጭ አገር ዞሯል። መድረክ ግን ለተመልካች ነው፤ የሰፈር ጭፈራ የሁሉም ነው።

ታዲያ ጀማሪ ከየት ይነሣ? ከተቀባዩ! በመጀመሪያ አዝማቿን ሁሉም ደጋግሞ ይያዛት። ቀጥሎ ጭብጨባው ይስተካከል። ከበሮ ያለው ጭፈራ ከሆነ ከበሮው ከዚያ በኋላ ይግባ። አውራጁ ተቀባዩ ሳይጨርስ አይሻማ፤ ድምፁ ከሳሳ አዲስ ግጥም ከመጨመር አዝማቿን ይድገም። ለአውራጅ ከጉሮሮ ይልቅ ጆሮ ይጠቅመዋል።

ማስተማሩም እንዲሁ ነው። ለእስክስታ እግር ቆሞ ትከሻ ብቻ፣ ለጉራጌው ትከሻ ቀርቶ እግር ብቻ፣ ቀስ ተብሎ ይለመድ። እግር የሚያሳይ ሰው ግራና ቀኝ እንዳይምታታ ጀርባውን ሰጥቶ ያሳይ። ሸጎዬ ግን ፊት ለፊት ስለሆነ ጀማሪውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ማጣመር ነው። ኦሮምኛ የማይሰማም ትርጉሙን ይጠይቅ እንጂ ዝም ብሎ አይጩኽ።

ሐሳባችን እንግዲህ ይህ ነው። እሑድ እሑድ ፀሐይዋ በረድ ስትል እንሰብሰብ። አንድ እናት ወይም አባት አንድ ዘፈን ያውርዱ፤ አንድ ወጣት ከጎናቸው ሆኖ ይማር፤ በሳምንቱ ደግሞ እሱ ያውርድ። ሰፈር ውስጥ ሐዘን ካለ ይቅር።

እማማ፣ አባባ፣ እባካችሁ «አርጅተናል» አትበሉን። ተቀምጣችሁ አውርዱ፤ ቆመን እንቀበላለን።