ስለ መጥረቢያና ስለ መሮ ስለት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ትልቅ ፋብሪካ አይደለም። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ገበሬው ሞፈሩን የሚጠርብበት፣ አናጢውም እንጨት የሚፈለፍልበት ብረት ስለቱን ከምን እንደሚያገኝ ነው። ነገሩ ትንሽ የሚመስለው ሰው ቢኖር የወይራ ድግር በደነዘ መጥረቢያ ጠርቦ አያውቅም ማለት ነው። ጥድ ለስላሳ ነው፤ ባሕር ዛፍም እርጥብ ሳለ ይታዘዛል፤ ወይራ ግን ከመጀመሪያው ምት ጀምሮ ስለቱን ይፈትነዋል።

ከአንድ ገበያ የተገዙ ሁለት መጥረቢያዎች መልካቸው አንድ ሆኖ ሳለ ወይራ ላይ ሲያርፉ የአንደኛው አፍ ይታጠፋል፣ የሁለተኛው ይሸረፋል። ባለቤቱ ሁለቱንም «መጥፎ ብረት» ብሎ ያልፋቸዋል። ሕመማቸው ግን የተለያየ ነው።

የታጠፈው ካርቦን የጎደለው ነው። ብረትን ዓረብ ብረት የሚያሰኘው በውስጡ ያለው ጥቂት ካርቦን ነው። ለስላሳው ተራ ብረት ካርቦኑ ከመቶ 0.25 አይበልጥም፤ ቢያግሉትም ውሃ ቢነክሩትም ስለት ለመያዝ የሚበቃ ጥንካሬ አያገኝም። የመኪና ባሌስትራ ከመቶ 0.5 እስከ 0.6 ያህል አለው፤ ጥሩ መሮ የሚሠራበት ብረት ደግሞ ከ0.8 እስከ 1.2 ይደርሳል። ያረጀ ሞረድም ከዚህ ወገን ስለሆነ አይጣል።

ቀድሞ በአገራችን ብረት ከድንጋይ በከሰል እየነጠረ ሲወጣ ካርቦኑ በአንድ ጎን በዝቶ በሌላው ያንስ ነበር። ይህ ችግር የኛ ብቻ አልነበረም። በእንግሊዝ አገር ቤንጃሚን ሀንትስማን የተባለ ሰዓት ሠሪ የሚያገኘው የሰዓት ሞላ አልስተካከል ስላለው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1740ዎቹ ዓረብ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ፈጽሞ አቀለጠው፤ የሼፊልድ ስም የገነነው ከዚያ በኋላ ነው። ወደኛ ደጋ ደግሞ መኪና በጣርማበር በኩል መመላለስ ሲጀምር የተሰበረ ባሌስትራ ይዞ መጣ። ቀጥቃጩ ካርቦኑ የተስተካከለ ብረት ያገኘው ከቁርጥራጭ መሆኑ ነው!

አሁን ወደ ተሸረፈው እንምጣ። ይህኛው ብረቱ ደኅና ሆኖ የተበላሸው በእሳትና በውሃ መካከል ነው። ብረት ሲግል 770 ዲግሪ ግድም ላይ ማግኔት አይስበውም፤ ከዚያ ጥቂት ጨምሮ መንከር ነው። ወናፉ በዝቶበት ነጭ እስኪሆን የጋለ ብረት ውስጡ ይሻክራል፤ ቢሰበር ስብራቱ እንደ አሞሌ ያብረቀርቃል። ባሌስትራ ውሃ ሲነካው ብዙ ጊዜ ይሰነጠቃልና ዘይት ይሻለዋል፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ይበቃል።

ተነክሮ የወጣ ስለት እንደ ጠርሙስ ተሰባሪ ስለሆነ መለስ ብሎ ሊሞቅ ይገባዋል። ሙያ ያለው ቀጥቃጭ አፉን ብቻ ይነክራል፤ ቶሎ አውጥቶ በድንጋይ ይፍቀውና ከወገቡ የቀረው ሙቀት ወደ አፉ ሲመለስ ቀለሙን ይጠብቃል። የገለባ መልክ (220 ዲግሪ ያህል) ለመሮ ይስማማል፤ መጥረቢያ ግን ኃይለኛ ምት ስለሚያርፍበት ወደ ወይን ጠጅ መልክ (280) ቢጠጋ ይሻላል። በኤሌክትሪክ መሳያ መሮውን ሰማያዊ እስኪሆን የሚስል የከተማ አናጢ ጥሩ የውጭ ዕቃ በደቂቃ ይገድላል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የሚለካው በዓይን ነው። የብረት ቀለም ፀሐይ ላይ አይለይም፤ ስለዚህ ባለሙያው ጨለም ያለ ጎጆ ይመርጣል፣ አንዳንዴም በምሽት ይሠራል። ሰፈርተኛው ግን «ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ይላል። መሣሪያ ኖሮት ሙቀቱን ቢለካ ኖሮ ቡዳ ባልተባለ ነበር! ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ ካስነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ግን ዛሬም ስለቱ ድረስ ይደርሳል። ልጁ የአባቱን ዓይንና እጅ ሳይማር ከተማ ይገባል። ገዢው ሰውየውን እንደናቀ ዋጋውንም ይንቃል፤ ዋጋው ሲወርድ ቀጥቃጩ ባሌስትራውን ትቶ በርካሹ ብረት ይሠራል፣ መለስ አድርጎ ማሞቁንም ይዘለዋል።

ስለዚህ ከመካከላችን ለዕረፍት ወደ አገር ቤት የሚሄዱ አንድ ማግኔት፣ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የተገዛ ያረጀ ሞረድና አንድ ጣሳ የተቃጠለ ዘይት ይዘው ወደ ቀጥቃጩ ጎጆ እንዲገቡ እናሳስባለን። ገብተውም በመጀመሪያ ይጠይቁ፤ ቀለሙን ከኛ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። በሚገባ የጠነከረ ስለት ላይ ሞረድ ይንሸራተታል፣ በለስላሳው ላይ ይነክሳል። ሁለት መጥረቢያና አንድ ሞረድ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስላሉ፣ መሞከር የሚፈልግ ቀርቦ ይሞክር።