የአንድ ትንሽ ከተማ ጠበቃ ኑሮ፤ አብርሃም ሊንከን በኢሊኖይ



የአብርሃም ሊንከን ስም ሲነሣ ሁላችንም ቶሎ የምናስበው ፕሬዚዳንቱን፣ የባርነትንም ቀንበር የሰበረውን ሰው ነው። እኛ ግን ዛሬ ልናወጋችሁ የፈለግነው ከዚያ በፊት ስላለፉት ሃያ አራት ያህል የጥብቅና ዓመታት ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሊንከን በ1809 በኬንታኪ ከገበሬ ቤት ተወለደ። ትምህርት ቤት የዋለበት ጊዜ ሁሉ ቢደመር አንድ ዓመት አይሞላም። ኒው ሳሌም በምትባል መንደር ሱቅ ነጋዴ፣ የፖስታ ሹምና መሬት ቀያሽ ሆኖ ሲሠራ፣ ጆን ስቱዋርት ከሚባል ጠበቃ መጻሕፍት እየተዋሰ ሕግን ብቻውን አጠና። በ1836 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ፤ በ1837 ወደ ስፕሪንግፊልድ ገብቶ ከዚሁ ከስቱዋርት ጋር ሥራ ጀመረ። በዚያ ዘመን ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ አብዛኛው የአሜሪካ ጠበቃ የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ መጽሐፍ በመዋስ ወይም በሌላ ጠበቃ ቢሮ በማገልገል ሙያውን ይማር ነበር።

በትንሽ ከተማ ተቀምጦ በጥብቅና ብቻ መኖር አስቸጋሪ ስለ ነበረ፣ ጠበቃው መንገደኛ መሆን ነበረበት። ዳኛው በጸደይና በመኸር ከአውራጃ ወደ አውራጃ እየዞረ ያስችላል፤ ጠበቆቹም በፈረስና በጋሪ ይከተሉታል። ሊንከን የሚሠራበት ስምንተኛው ተዟዋሪ ችሎት በሰፋበት ጊዜ 14 አውራጃዎችን የያዘ ሲሆን፣ የአንዱ ዙር መንገድ ከ400 ማይል በላይ ነበር። መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙ ድልድይ የሌለው ነው። ማታ በእንግዳ ማረፊያ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ አልጋ ይተኛሉ፤ ዳኛውና ጠበቆቹ፣ አንዳንድ ጊዜም ምስክሮቹ፣ በአንድ ገበታ ይበላሉ። ቀን በችሎት ሲፋለሙ የዋሉ ጠበቆች ማታ በእሳት ዳር አብረው ይሥቃሉ። ባለጉዳዩ ጠበቃውን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ችሎቱ በሚውልበት ዕለት ማለዳ ነበርና፣ ለመዘጋጀት ፋታ የለም። ሊንከንም ወረቀቶቹን የሚይዘው በረጅሙ ባርኔጣው ውስጥ ነበር።

ጉዳዮቹስ ምን ነበሩ? ተመራማሪዎች ሊንከንና ባልደረቦቹ የያዙትን ከ5,000 የሚበልጥ ጉዳይ ከየመዝገብ ቤቱ አሰባስበዋል። ከሁሉ የሚበዛው የዕዳ ክርክር ነው። የቀረው የመሬት፣ የውርስ፣ የፍቺ፣ የስም ማጥፋት ነው። ዋጋው ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 20 ዶላር ነበረ፤ ይህንንም ከባልደረባው ከዊልያም ሄርንደን ጋር እኩል ይካፈል ነበር። ሆኖም ሊንከን የድኻ ጠበቃ ብቻ አልነበረም። ለኢሊኖይ ሴንትራል የምድር ባቡር ኩባንያ ተከራክሮ ከረታ በኋላ፣ የድካሙን ዋጋ 5,000 ዶላር ለማግኘት በ1857 ኩባንያውን ራሱን ከሶታል።

ለወጣት ጠበቆች ባዘጋጀው ማስታወሻ፣ ጠበቃ ጎረቤታሞችን ከማካሰስ ይልቅ ማስታረቅ እንዳለበት፣ እውነተኛ ጠበቃ መሆን ያልቻለም ሙያውን ትቶ እውነተኛ ሰው እንዲሆን መክሯል። እርቅ ደም ያደርቃል የሚሉት አባቶቻችን ይህን ምክር ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር።

ነገር ግን የሰውየውን ታሪክ እስከ መጨረሻው ማየት ይገባናል። በ1841 ናንስ ስለምትባል ጥቁር ሴት ሽያጭ በተጻፈ የዕዳ ወረቀት ምክንያት በኢሊኖይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክርክር ተነሣ። ሊንከን ለዕዳ ተጠያቂው ቆሞ፣ በኢሊኖይ ሰው ሁሉ ባሪያነቱ ካልተረጋገጠ በቀር ነፃ ነው፣ ነፃ ሰውም አይሸጥም ብሎ ተከራከረ፤ ረታም። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1847፣ ሮበርት ማትሰን የተባለ የኬንታኪ ባለ ባሪያ በኢሊኖይ እርሻው ያሠራቸው የነበሩት ጄን ብራያንትና ልጆችዋ ከእጁ አመለጡ። ማትሰን እንዲመለሱለት ሲከስ ከጠበቆቹ አንዱ ሊንከን ነበር! ፍርድ ቤቱ ግን ለጄን ፈረደ፤ እርስዋም ከልጆችዋ ጋር ነፃ ወጣች።

አንዳንዶች ጠበቃ ደጁን የመታውን ሁሉ ማገልገል አለበት፣ ፍርዱ የዳኛው ነው ይላሉ። እኛም ሌባም ቢሆን ጠበቃ ያስፈልገዋል እንላለን። ነገር ግን ሌባው ቢረታ የሚጠፋው ገንዘብ ነው፤ ሊንከን በዚያ ቀን ቢረታ ኖሮ ግን አንዲት እናት ከነልጆችዋ ወደ ባርነት በተመለሰች ነበር። ስለዚህ የሙያ ደንብ ለኅሊና ጥያቄ ሁሉ መልስ ይሰጣል ብለን ልንመካ አይገባንም።

በ1854 የካንሳስና የነብራስካ ሕግ ባርነት ወደ አዳዲስ ግዛቶች እንዲስፋፋ በር ሲከፍት፣ ሊንከን ወደ ፖለቲካ ተመልሶ ሕጉን በአደባባይ ተቃወመ። ከገበሬዎች መካከል ለተመረጡ 12 ፈራጆች ከባዱን ነገር በቀላል ቃል ማስረዳትን የተማረው በዚያ ጭቃማ መንገድ ነው። አንደበቱን ችሎት አሠልጥኖለታል፤ ለማን እንደሚናገርበት ግን ራሱ መምረጥ ነበረበት።

እኛም ነገ ጠበቃ፣ ዳኛ፣ መምህር ወይም ሐኪም ሆነን ወደየትናንሾቹ ከተሞች እንሄድ ይሆናል። ሙያውን መምህሮቻችን ያስተምሩናል። ማትሰን ደጃችንን ሲመታ ምን እንደምንመልስለት ግን ከአሁኑ እንነጋገርበት።